ምትክ ቃል፦ ቱርክኛ ከራሱ ወደ ራሱ የተተረጎመባቸው ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1934 በቱርክ ጋዜጣ ቤቶች አንድ አዲስ ሙያ ብቅ ብሎ ነበር። ጋዜጠኛው ጽሑፉን በለመደው ቋንቋ፣ ማለትም በዐረብኛና በፋርስኛ ቃላት በተሞላው የኦቶማን ቱርክኛ ይጽፋል። ጽሑፉ ግን እንዳለ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም። በመጀመሪያ «ኢካሜጂ» ለሚባል ሰው ይሰጣል፤ ትርጉሙ «ተኪ» እንደማለት ነው። ተኪው አንድ መዝገብ ይገልጥና ባዕድ የተባለውን ቃል እያወጣ በቦታው «ንጹሕ ቱርክኛ» የተባለ ተመሳሳይ ቃል ያስገባል። በዚያው ሰዓት በሌላ ጋዜጣ ቤት የተቀመጠ ሌላ ተኪ ያንኑ መዝገብ ገልጦ ለዚያው ቃል ሌላ ምትክ ይመርጣል። በማግስቱ ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉ ሁለት ዜናዎች በማይገናኙ ቃላት ታትመው ይወጣሉ።

የሙያው ስም ራሱ ነገሩን ያሳብቃል። «ኢካሜ» የዐረብኛ ቃል ነው። ሥሩ አማርኛ «ቆመ» የሚልበት ያው የሴም ቋንቋዎች ሥር ሲሆን አንዱን በሌላው ቦታ ማቆምን ያመለክታል። ዐረብኛን ከቱርክኛ እንዲያስወጣ የተቀጠረው ሰው ሙያውን የሚጠራበት የቱርክኛ ስም አልነበረውም።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ቀልድ ነው። ከቀልዱ በስተጀርባ ግን አንድ ቁም ነገር አለ፦ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ያለን ቃል አውጥቶ ተመሳሳዩን መተካት ጽሑፉን ምን ያደርገዋል? ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የአርታዒና የተማሪ ጥያቄ ነው። በቱርክ ግን የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት፣ የመስጊዱ ጥሪ፣ ልብ ወለዱ፣ የመሥራቹ ንግግር ሳይቀር በየተራው በዚያ ተኪ እጅ አለፉ። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊደሉ ቀድሞ ሄደ

የኦቶማን መንግሥት የጽሕፈት ቋንቋ የገበሬው ቋንቋ አልነበረም። ሰዋስዉ በመሠረቱ ቱርክኛ ቢሆንም አብዛኛው የቃላት ሀብቱ ከዐረብኛና ከፋርስኛ የመጣ ነበር፤ ሐረጉ ሳይቀር በፋርስኛ ሥርዓት ይሰካ ነበር። የአናቶሊያ ባላገር ከመንግሥት የመጣለትን ወረቀት ቢያነቡለትም እንኳ ላይገባው ይችላል። በ1927 በተደረገው ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከ10 ሰዎች አንዱ ገደማ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቋንቋውን የማቅለል ሐሳብ ከአታቱርክ በፊትም ነበረ። በ1911 በሰሎኒካ ይታተም በነበረው «ገንች ካለምለር» («ወጣት ብዕሮች») መጽሔት ላይ ኦሜር ሰይፈቲን የተባለው ደራሲና ጓደኞቹ «አዲስ ቋንቋ» ያሉትን አሳብ አቀረቡ። የጠየቁት መጠነኛ ነገር ነበር፦ የዐረብኛና የፋርስኛ ሰዋስው ከቱርክኛ ይውጣ፣ ሕዝቡ የማያውቀው ቃል ይቅር፣ ሕዝቡ ለምዶ የራሱ ያደረገው ቃል ግን ምንጩ የትም ይሁን የት ይቆይ። በእነሱ ሚዛን አንድ ቃል ቱርክኛ የሚሆነው ቱርኮች ስለሚናገሩት ነው።

ሙስጠፋ ከማል የመጀመሪያውን ታላቅ እርምጃ የወሰደው በፊደል ላይ ነበር። በኖቬምበር 1 ቀን 1928 የላቲን ፊደል በሕግ ጸደቀ፤ ከ1929 መጀመሪያ ጀምሮ መጻሕፍት በአሮጌው ፊደል እንዳይታተሙ ተከለከለ። በዚያው በ1929 ዐረብኛና ፋርስኛ ከትምህርት ቤቶች ሥርዓተ ትምህርት ወጡ። ያ ማለት የቃላቱ መነሻ ተዘጋ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ተማሪው አንድ የዐረብኛ ሥር ካወቀ ከዚያ ሥር የሚረቡትን ዐሥር ቃላት መገመት ይችል ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቃል ለብቻው የሚሸመደድ እንግዳ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው የቃል ለውጥ ግማሹ አስፈላጊ ሆኖ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

መዝገቡ

በጁላይ 12 ቀን 1932 «ቱርክ ዲሊ ተትኪክ ጀሚየቲ» ማለትም የቱርክ ቋንቋ ጥናት ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ የመጀመሪያ ጉባኤውን በዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት አደረገ። በስሙ ውስጥ «ጥናት» እና «ማኅበር» ያሉት ሁለቱ ቃላት ግን ዐረብኛ ነበሩ። በ1934 ሁለቱም ወጥተው «አራሽቲርማ» እና «ኩሩሙ» ገቡ። በ1936 ደግሞ ስሙ አጥሮ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን «ቱርክ ዲል ኩሩሙ» ሆነ። «ኩሩም» የተባለው ቃል «መመሥረት» ከሚል ግሥ የተበጀ አዲስ ቃል ነው፤ በነባሩ ቱርክኛ ግን «ጥቀርሻ» ማለት ነበር። ቃል የሚያጸዳው ማኅበር ጥቀርሻ ተብሎ መጠራቱ ለተቺዎቹ የማያልቅ ቀልድ ሆነ።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ ቃል መልቀም ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ኮሚቴ ተቋቁሞ መምህራንና ባለሥልጣናት ከሕዝቡ አፍ ቃል እንዲሰበስቡ ታዘዙ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ 35,000 ያህል ቃል ተመዘገበ። ምሁራኑ ደግሞ ከ150 በላይ ጥንታዊ ጽሑፎችንና በመካከለኛው እስያ የሚነገሩትን የቱርክኛ ዘመድ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት እየፈተሹ ወደ 90,000 የሚጠጋ ሌላ ቃል አወጡ። ውጤቱ በ1934 «ታራማ ዴርጊሲ» («የአሰሳ መጽሔት») ተብሎ ታተመ። ተኪው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው መዝገብ ይህ ነበር።

የመዝገቡ ችግር ድህነት ሳይሆን ብዛት ነበር። «ካለም» የሚለውን ቃል የፈለገ ሰው ስድስት ምትክ ያገኛል፦ ያጉሽ፣ ያዝጋች፣ ቺዝጊች፣ ካቭሪ፣ ካሚሽ፣ ዩቩሽ። «አክል» ለሚለው፣ ማለትም ለአእምሮ፣ 26 ምትክ ተሰልፏል። «ሄዲየ» ለሚለው፣ ማለትም ለስጦታ፣ 77። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ በአንድ መንደር ብቻ የሚነገር፣ ሌላው ከ800 ዓመት በፊት የሞተ፣ ሦስተኛው ሳይቤሪያ ውስጥ የቀረ ነው። መዝገቡ ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀምጦ «ተመሳሳይ» ይላቸዋል።

አማርኛ አንባቢ በዚህ ዝርዝር ፊት እንግዳ አይደለም። «ካለም» የእኛው «ቀለም» ነው። «አክል» ደግሞ «አቅሉን ሳተ» ስንል የምናነሳው «አቅል» ነው። በተመሳሳይ መንገድ «ወኪል» በቱርክኛ «ቬኪል» ነው፤ «ታሪክ» «ታሪህ»፣ «ሒሳብ» «ሄሳፕ»፣ «ደብተር» «ደፍተር»፣ «ፍንጃል» «ፊንጃን» ነው። «ሃያት» ስንሰማ «ሕይወት» ትዝ ይለናል። አንዳንዱ አማርኛ ከዐረብኛ የተዋሰው ነው፤ አንዳንዱ ግእዝና ዐረብኛ ከአንድ አባት የወረሱት ነው፤ «ቀለም» እና «ደብተር» ደግሞ መነሻቸው ግሪክ ነው። ማንም አማርኛ ተናጋሪ «ሒሳቡን አምጣ» ሲል ከባዕድ የተበደረ አይመስለውም። በኢስታንቡል ገበያ የቆመው ሰውም እንዲሁ አይመስለውም ነበር። «ካለም» ለማንበብ ለማይችለው ገበሬ እንኳ የታወቀ ቃል ነበር፤ «ያጉሽ» ግን ለፕሮፌሰሩም እንግዳ ነው።

የስህተቱ መነሻ እዚህ ላይ ነው። የ1911ዎቹ ደራስያን ቃልን የመዘኑት በመታወቁ ነበር። የ1934ቱ መዝገብ የመዘነው በትውልዱ ነው። ሁለቱ ሚዛኖች አንዳንድ ጊዜ ይገጥማሉ፤ በማይገጥሙበት ጊዜ ግን ሕዝቡ እንዲገባው ተብሎ የተጀመረው ሥራ ሕዝቡ የሚያውቀውን ቃል ወስዶ የማያውቀውን ይሰጠዋል።

የእራት ግብዣው

በኦክቶበር 3 ቀን 1934 የስዊድን አልጋ ወራሽ ጉስታፍ አዶልፍ ቱርክን ሲጎበኝ በክብሩ የእራት ግብዣ ተደረገ። ሙስጠፋ ከማል የእንኳን ደህና መጣህ ንግግሩን ያዘጋጀው ሙሉ በሙሉ በአዲሶቹ ቃላት ነበር። ብዙዎቹን ከዚያ ቀን በፊት ማንም ሲነገሩ አልሰማም። በጦር ሜዳና በምክር ቤት ለሰዓታት ያለ ችግር የሚናገረው ሰው የዚያን ምሽት ንግግሩን ያነበበው ገና ማንበብ እንደጀመረ ተማሪ እየተደናቀፈ ነበር ይባላል። አልጋ ወራሹ በአስተርጓሚ ስለሰማው ምንም አላጣም። ያልገባቸው ቱርኮቹ እንግዶች ናቸው።

ብዙም ሳይቆይ ሙስጠፋ ከማል ራሱ ቆም አለ። የቅርብ ሰው የነበረው ጋዜጠኛ ፋሊህ ሪፍቂ አታይ እንደመሰከረው፣ ቋንቋውን መውጫ የሌለው ጎዳና ውስጥ እንዳስገቡትና ከዚያ ማውጣት እንደሚያስፈልግ ነግሮታል። መውጫው የመጣው ባልተጠበቀ በኩል ነው። በ1935 ኸርማን ክቨርጊች የተባለ የቪየና ሰው ስለ ቋንቋ አመጣጥ የጻፈውን ጥናት ላከ። ከዚያ የተነሣው «የፀሐይ ቋንቋ ንድፈ ሐሳብ» የሰው ልጅ ቋንቋዎች ሁሉ ጥንተ መሠረታቸው ቱርክኛ ነው ይል ነበር። እንደ ሳይንስ ዋጋ አልነበረውም። እንደ መፍትሔ ግን ጠቀመ፤ ሁሉም ቃል በመነሻው ቱርክኛ ከሆነ «ካለም» የሚባረርበት ምክንያት የለም። ተኪዎቹም ለጊዜው ዐረፍ አሉ።

ሆኖም የለውጡን ሥራ ሁሉ በዚያ እራት መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1936 እና 1937 መካከል ባለው ክረምት አታቱርክ ለትምህርት ቤት የምትሆን አንዲት ትንሽ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ጻፈ። እስከዚያ ድረስ ሦስት ማዕዘን በትምህርት ቤት «ሙሰለስ» ይባል ነበር። ቃሉ የዐረብኛ ነው፤ «ሥላሴ» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ ግእዝ ለሚያውቅ ሰው ምስጢሩ ቶሎ ይገለጥለታል። ለቱርክ ሕፃን ግን ዝም ብሎ የሚሸመደድ ድምፅ ነበር። አዲሱ ቃል «ዩችገን» ሆነ፤ «ዩች» በቱርክኛ «ሦስት» ነው። እስከ ሦስት መቁጠር የሚችል ልጅ ግማሹን ትርጉም ከቃሉ ያገኘዋል። «ዩችገን» ጸና፤ ዛሬ «ሙሰለስ» የሚል የለም። በአንጻሩ «ካለም»፣ «አክል» እና «ሄዲየ» እነዚያን ሁሉ ምትኮች አሳልፈው ዛሬም በቱርክኛ ይነገራሉ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ለውጥ የተነሣው ሊማር ከተቀመጠው ልጅ ነው፤ ሁለተኛው የተነሣው ከዝርዝሩ።

ሁለት ጊዜ የተተካ ሕግ

አታቱርክ በኖቬምበር 1938 ሞተ። በተተኪው በኢስመት ኢኖኑ ዘመን የማጽዳቱ ሥራ እንደገና ቀጠለና በመጨረሻ ወደ ሕገ መንግሥቱ ደረሰ።

የሪፐብሊኩ ሕገ መንግሥት በ1924 ሲወጣ ስሙ «ተሽኪላት ኢ አሳሲየ ካኑኑ» ነበር፤ ሦስቱም ቃል ዐረብኛ፣ አያያዙ የፋርስ። በጃንዋሪ 10 ቀን 1945 ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ አጸደቀ። አዲስ የተባለው ሕግ ይዘቱን አልነካም። ያደረገው የሕገ መንግሥቱን ቃላት አውጥቶ በተመሳሳያቸው መተካት ብቻ ነው። ስሙ «አናያሳ» ሆነ፤ «እናት ሕግ» እንደማለት። ሚኒስትር «ቬኪል» መባሉ ቀርቶ «መመልከት» ከሚለው ግሥ «ባካን» ተባለ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም «ባሽባካን»።

በ1950 ምርጫ ዴሞክራት ፓርቲ አሸነፈ። በዲሴምበር 24 ቀን 1952 አዲሱ ምክር ቤት የ1945ቱን ጽሑፍ ሽሮ የ1924ቱን ቃላት ቃል በቃል መለሰ። «ባካን» ወጣ፣ «ቬኪል» ገባ። በ1960 ወታደሮች መንግሥቱን ገለበጡ፤ በ1961 በወጣው ሕገ መንግሥት «አናያሳ» እና «ባካን» ተመልሰው መጡ።

እንግዲህ በ1945 እና በ1952 የሀገሪቱ የበላይ ሕግ ይዘቱ ሳይለወጥ ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ቃሎቹ በእርግጥ ተመሳሳይ ቢሆኑ ኖሮ ምክር ቤት ጠርቶ ድምፅ የሚያሰጥ ነገር አይኖርም ነበር። «ቬኪል» ያለ ሰው ከኦቶማን ዘመን ጋር ያለው ክር እንዳይበጠስ የፈለገ መሰለ፤ «ባካን» ያለ ሰው ያ ክር እንዲበጠስ የፈለገ መሰለ። ሁለቱም የሚያመለክቱት ያንኑ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ያንኑ ሰው ነው።

የመስጊዱ ጥሪ ታሪክም ይመሳሰላል። ከ1932 ጀምሮ አዛኑ በቱርክኛ እንዲባል ተደረገ፤ የአላህ ስም ሳይቀር በአንዳንዱ ሐረግ «ታንሪ» በሚለው የቱርክኛ ቃል ተተካ። አንድ ቃል ግን ተኪውን አሸነፈው። ምእመኑ ወደ መዳን እንዲመጣ የሚጠራው ሐረግ ላይ ያለው «ፈላህ» የሚለው ዐረብኛ በቱርክኛው አዛን ውስጥ እንዳለ ቀረ። በጁን 16 ቀን 1950 የዐረብኛውን አዛን የሚከለክለው ሕግ ተነሣና ሙአዚኖች ወደ ቀድሞው ጥሪ ተመለሱ።

ደራሲው በራሱ መጽሐፍ ላይ

ሕግ ሊመለስ ይችላል። ልብ ወለድ ግን አንባቢውን ይዞ ነው የሚሄደው። ሃሊት ዚያ ኡሻክሊጊል በኦቶማን ዘመን መጨረሻ ከነበሩት ታላላቅ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አንዱ ነው። «ማይ ቬ ሲያህ» («ሰማያዊና ጥቁር») የተባለው ሥራው በ1896 እና 1897 «ሰርቨት ኢ ፍኑን» በተባለው መጽሔት በተከታታይ ወጣ። ቋንቋው የተሸለመ፣ በፋርስና በዐረብ ቃል ያጌጠ ነበር፤ የዘመኑ አንባቢ የወደደውም ለዚያ ነው።

ከ40 ዓመት በኋላ ሃሊት ዚያ በሕይወት ነበር፤ አንባቢዎቹ ግን ተለውጠዋል። በላቲን ፊደል የተማረው ወጣት መጽሐፉን አንሥቶ ገጽ መጨረስ አልቻለም። ስለዚህ ሽማግሌው ደራሲ በ1930ዎቹ መጨረሻ ተቀምጦ የገዛ ልብ ወለዶቹን ቃል ያቀል ጀመር። ሌላ ሰው ከሚነካው እኔ ልንካው እንደማለት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ደራሲና ተኪ አንድ ሰው ሆኑ። ርእሱ ግን አልተነካም። «ማይ» ያለው ሰማያዊ ከዐረብኛው «ውሃ» የመጣ ነው፤ ግእዝም ውሃን «ማይ» ይላል። ውሃና ሰማይ በዚያ በአንዱ ቃል ውስጥ ይታያሉ።

የቃል ምልክት

በ1960ዎቹና 70ዎቹ ቱርክኛ በጥንድ ቃላት ተሞልቶ ነበር። ለሕይወት «ሃያት» እና «ያሻም»፤ ለሕዝብ ወይም ለብሔር «ሚለት» እና «ኡሉስ»፤ ለ«ይቻላል» ባይነት «ኢምካን» እና «ኦላናክ»። የመጀመሪያዎቹን የሚመርጥ ሰው ወግ አጥባቂ፣ ሁለተኛዎቹን የሚመርጥ ግራ ዘመም ተደርጎ ይታይ ነበር። ንግግሩን ሳይጨርስ ወገኑ ይታወቃል። ከ1980ው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የቋንቋው ማኅበር ነጻነቱን አጥቶ በ1983 በመንግሥት ሥር ገባ፤ በ1985 ደግሞ የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን 205 አዳዲስ ቃላት በስርጭቱ እንዳይነገሩ ከለከለ። በ1934 የድሮው ቃል ነበር የሚባረረው፤ በ1985 ተራው የአዲሱ ሆነ።

ይህን ዓይነቱን ነገር የኢትዮጵያ አንባቢ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «ጠቅላይ ግዛት» «ክፍለ ሀገር» ሆነ፤ «አቶ» በብዙ ቦታ ለ«ጓድ» ለቀቀ። «ፕሮሌታሪያት» ለሚለው የአውሮጳ ቃል ደግሞ ሁለት አማርኛ ተገኘለት። ኢሕአፓ «ላብ አደር» ሲል መኢሶን «ወዝ አደር» አለ። በመዝገበ ቃላት ዓይን በላብና በወዝ መካከል ያለው ልዩነት ቀጭን ነው፤ ሁለቱም ከደከመ ሰው ግንባር ላይ ይገኛሉ። በ1969 ዓ.ም. ግን አንዱን ቃል መምረጥ ወገንን መግለጥ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወገኑ የታወቀ ሰው የሚደርስበትን ደግሞ ብዙ ቤት ያውቀዋል። ዛሬም በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጡ ሁለት ኢትዮጵያውያን አንዱ «ክፍለ ሀገር» ሌላው «ክልል» ሲሉ ማን መቼ ከሀገር እንደወጣ ሳይጠያየቁ ይገምታሉ።

አማርኛ ተመሳሳይ የሚባሉ ቃላት ቦታ እንደማይለዋወጡ የሚያውቅ ቋንቋ ነው። ጳጳስ ያርፋሉ፣ ወታደር ይወድቃል፣ ለዓላማ የሞተ ይሰዋል፣ ከብት ይሞታል። የመርዶ ጽሑፍ ላይ አንዱን አውጥቶ ሌላውን የሚያስገባ አርታዒ የነገሩን እውነት አይለውጥም፤ ሟቹን ግን ሌላ ሰው ያደርገዋል። የአብነት ትምህርት ቤቱም በዚህ ረገድ የራሱ መንገድ ነበረው። የመጻሕፍት መምህሩ የግእዙን ንባብ አይነካም። ንባቡን እንዳለ ያሰማና ከሥሩ በአማርኛ ይተረጉማል፤ አንድ ትርጉም ካልበቃው «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። ተመሳሳዩ ቃል የሚቆመው በጽሑፉ ቦታ ሳይሆን በጽሑፉ አጠገብ ነው። መንገዱ ዘገምተኛ ነው፤ መጽሐፉን ለመረዳት መምህር ይጠይቃል፤ ገበሬውን በአንድ ትውልድ ውስጥ አንባቢ የማድረግ ዓላማም አልነበረውም። ስለዚህ ከቱርኮቹ ሥራ ጋር እኩል መመዘን አይገባም። ሆኖም ተማሪው የጥንቱን ቃልም የአሁኑንም ይዞ ይወጣል።

የመሥራቹ ንግግር

በኦክቶበር 1927፣ ከ15 እስከ 20 ባሉት ስድስት ቀናት፣ ሙስጠፋ ከማል በፓርቲው ጉባኤ ፊት ቆሞ ከ36 ሰዓት በላይ የፈጀ ንግግር አደረገ። የነጻነቱን ጦርነትና የሪፐብሊኩን አመሠራረት ከራሱ ዓይን የተረከበት ይህ ንግግር «ኑቱክ» ይባላል። ለወጣቱ ትውልድ የተተወ አደራ ነበር። ቋንቋው ደግሞ ተናጋሪው ያደገበት የተማረ የኦቶማን ሰው ቋንቋ ነው።

ንግግሩ በተደረገ በ36 ዓመቱ፣ በ1963፣ የቋንቋው ማኅበር «ኑቱክ»ን ወደ ቱርክኛ ተርጉሞ አሳተመ። የትርጉሙ ስም «ሶይለቭ» ነው፤ እሱም «ንግግር» ማለት ነው፣ በአዲሱ ቃል። ከዚያም ወዲህ ሌሎች የቀለሉ እትሞች ተከትለዋል። ሰውየው ሀገሪቱን የመሠረተበት ንግግር ለሀገሪቱ ልጆች በትርጉም ብቻ የሚነበብ ሆነ፤ ትርጉሙን ያስፈለገውም የዚያው ሰው ሌላ ሥራ ነው። በቱርክኛ ታሪክ ላይ ብዙ የጻፈው እንግሊዛዊው ምሁር ጄፍሪ ሉዊስ ይህን ለውጥ እጅግ ከመሳካቱ የተነሣ ጥፋት የሆነ ሲል ገልጾታል።

የ«ኑቱክ» መጨረሻ ለቱርክ ወጣቶች የቀረበው አጭር ጥሪ ነው። ይህ ክፍል በትምህርት ቤት መማሪያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ልጆችም በቃላቸው ያጠኑታል። የተሰቀለው ግን የ1963ቱ ትርጉም አይደለም። የ1927ቱ ጽሑፍ ነው፤ በእነዚያ በዐረብኛ ቃላት የተሞላው። ሊተካው የደፈረ የለም። ስለዚህ መምህሩ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ረድፍ ያሰምራል። በግራ በኩል ከግድግዳው ላይ ያለውን ቃል ይጽፋል፣ በቀኝ በኩል ተማሪዎቹ የሚያውቁትን። ልጆቹ ሁለቱንም ረድፍ በደፍተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። የሚገለብጡት በካለም ነው።